የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችን በፎም አሽጎ ስለመላክ ለተገልጋዮች የተዘጋጀ መረጃ

ፒያሳና አካባቢው በአዲስ አበባ የንግድ ታሪክ ውስጥ ቀደምት ስፍራ አላቸው። የከተማዋ ዋና ገበያ በጣሊያን ወረራ ዘመን ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ስፍራ እስኪዛወር ድረስ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይውል ነበር። ዛሬም በአራዳ ክፍለ ከተማ ኮምፒዩተር፣ ስልክ፣ ካሜራ፣ ቴሌቪዥንና የድምፅ መሣሪያ የሚሸጡና የሚጠግኑ ሱቆች አሉ። ከእነዚህ ሱቆች የሚወጣ ዕቃ ሁሉ በከተማዋ አይቀርም፤ ወደ ጎንደር፣ ወደ ደሴ፣ ወደ ጅማ ወይም ወደ ሐዋሳ በአውቶቡስና በጭነት መኪና የሚላክ አለ። ለጥገና ሲባል ከክልል ከተሞች ወደ ፒያሳ የሚመጣም አለ።

በዚህ ጉዞ ላይ ዕቃ ሲሰበር የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ጉዳቱን የሚሸከመው ማን ነው? ላኪው፣ አጓጓዡ፣ ሻጩ ወይስ ተቀባዩ? መልሱ በአብዛኛው የሚወሰነው ዕቃው ከመነሣቱ በፊት እንዴት እንደታሸገና ምን ማስረጃ እንደተያዘ ታይቶ ነው። ይህ ጽሑፍ ተገልጋዮች ዕቃቸውን በፎም በአግባቡ እንዲያሽጉ፣ ጉዳት ቢደርስም መብታቸውን ለማስከበር የሚያስችል ማስረጃ በእጃቸው እንዲኖር ለመርዳት ተዘጋጅቷል።

1. ፎም ዕቃን ከጉዳት የሚጠብቀው እንዴት ነው?

የወደቀ ዕቃ የሚሰበረው በድንገት ስለሚቆም ነው። የፎም ተግባር ይህን የመቆሚያ ርቀትና ጊዜ ማራዘም ነው። ነገሩን በቀላል ስሌት መረዳት ይቻላል። አንድ ካርቶን ከወገብ ከፍታ፣ ማለትም ከ75 ሳንቲ ሜትር፣ ከጫኝና አውራጅ እጅ አምልጦ ቢወድቅና ዕቃው በ2.5 ሚሊ ሜትር ርቀት ውስጥ ቢቆም፣ በዕቃው ላይ የሚያርፈው አማካይ ኃይል በግምት የክብደቱን 300 እጥፍ ያህላል። ያው ዕቃ በፎም ላይ አርፎ በ2.5 ሳንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ ቢቆም ግን ኃይሉ ወደ 30 እጥፍ ገደማ ይወርዳል።

ፎም ሙሉ ውፍረቱን ያህል አይታመቅም። 2.5 ሳንቲ ሜትር የመቆሚያ ርቀት ለማግኘት ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፎም ያስፈልጋል ተብሎ ሊታሰብ ይገባል። የፎሙ ጥንካሬም ከዕቃው ክብደት ጋር መመጣጠን አለበት። ለቀላል ዕቃ በጣም ጠንካራ ፎም ቢደረግ ፎሙ ስለማይታመቅ ምቱን ሳይቀንስ ያሳልፈዋል። ለከባድ ዕቃ በጣም ለስላሳ ፎም ቢደረግ ደግሞ ፎሙ ሙሉ በሙሉ ተጨፍልቆ ዕቃው የካርቶኑን ግድግዳ ይመታል።

2. የፎም ዓይነቶችና ተገቢ አገልግሎታቸው

ነጭ ፎም (ፖሊስታይሪን)፦ ከአዲስ ቴሌቪዥንና ኮምፒዩተር ካርቶን ውስጥ የሚወጣው፣ ሲሰበር ወደ ትናንሽ ነጭ ፍሬዎች የሚበተነው ጠንካራ ፎም ነው። ከይዘቱ እስከ 98 በመቶ የሚሆነው አየር ነው። ቅርጹን ለመጠበቅና ከባድ ዕቃ ለመሸከም ይመቻል። ሆኖም አንድ ጊዜ በኃይል ከተጨፈለቀ ወደ ቀድሞ ውፍረቱ አይመለስም። ስለዚህ የተሰነጠቀ፣ የጎደጎደ ወይም ማዕዘኑ የተሰበረ ነጭ ፎም ለሁለተኛ ጉዞ አስተማማኝ አይደለም።

ለስላሳ ፎም (ፖሊኢትሊን)፦ ሲጫኑት ታምቆ ሲለቁት የሚመለስ፣ በጥቅል ወይም በንጣፍ መልክ የሚገኝ ፎም ነው። ተደጋጋሚ ምትና ንዝረት ስለሚቋቋም ለላፕቶፕ፣ ለካሜራና ለሃርድ ዲስክ ተመራጭ ነው።

ባለ አረፋ ፕላስቲክ፦ በሁለት የፕላስቲክ ሽፋኖች መካከል አየር የታሰረበት መጠቅለያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 በአሜሪካ ሲፈለሰፍ የታሰበው ለግድግዳ ማስጌጫነት ነበር፤ ለማሸጊያነት በሰፊው የታወቀው ግን የአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ኮምፒዩተሮቹን ጠቅልሎ ለመላክ ሲጠቀምበት ነው። የዕቃውን ገጽታ ከመጫር ይጠብቃል፤ ቀላል ምትም ይቀንሳል። ለከባድ ዕቃ ብቻውን አይበቃም።

የፍራሽ ስፖንጅ (ፖሊዩሬቴን)፦ በቀላሉ የሚገኝ ቢሆንም ለአብዛኛው ዕቃ ከመጠን በላይ ለስላሳ ነው። ያረጀ ስፖንጅ ደግሞ ተፈርፍሮ ወደ ማቀዝቀዣ ማራገቢያና ወደ ሶኬት ቀዳዳዎች ይገባል። ሌላ አማራጭ ከሌለ ዕቃው አስቀድሞ በንጹሕ ሽፋን ሊጠቀለል ይገባል።

ልቅ የፎም ፍሬዎች፦ ክፍት ቦታ ለመሙላት ይረዳሉ። ይሁን እንጂ በጉዞ ንዝረት ፍሬዎቹ ስለሚንሸራተቱ ከባድ ዕቃ ቀስ በቀስ ወደ ካርቶኑ ወለል ይሰምጣል። ስለዚህ ከባድ ዕቃ በእነርሱ ላይ ብቻ ሊቀመጥ አይገባም።

ጭድ፣ ሣርና አቧራማ ማዳበሪያ ለኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ማሸጊያነት አይመከሩም፤ እርጥበትና ብናኝ ይይዛሉ። ጋቢና ብርድ ልብስም በጉዞ ላይ እየታመቁ ስለሚሄዱ ሲታሸጉ ጠብቀው የነበሩት ሲደርሱ ልል ሆነው ይገኛሉ።

3. በፎም ምክንያት ሊደርስ የሚችል የተሰወረ ጉዳት

ተራ ነጭ ፎምና ተራ ፕላስቲክ ሲፋተጉ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይፈጥራሉ። ሰው በጣቱ ጫፍ ላይ የሚሰማው ብልጭታ በአብዛኛው 3,000 ቮልት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። አንዳንድ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች ግን ከ100 ቮልት ባነሰ ሊበላሹ ይችላሉ። ስለዚህ ጉዳቱ ማንም ሳያውቀው ሊደርስ ይችላል። በአዲስ አበባ አየሩ በሚደርቅበት በበጋ ወራት ይህ ሥጋት ከፍ ይላል።

በራሳቸው ሽፋን ውስጥ ያሉ ዕቃዎች፣ ለምሳሌ ሙሉ ላፕቶፕ ወይም ቴሌቪዥን፣ ከዚህ ጉዳት በአብዛኛው የተጠበቁ ናቸው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለጥገና የሚላክ ማዘርቦርድ፣ ሜሞሪ፣ ግራፊክስ ካርድ ወይም ሌላ እርቃኑን ያለ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ሲሆን ነው። እንዲህ ያለው ክፍል በቅድሚያ ብርማ ቀለም ባለው የስታቲክ መከላከያ ከረጢት ውስጥ ገብቶ አፉ መታሸግ አለበት፤ ፎም የሚደረገው ከዚያ በኋላ ከውጭ ነው። ሮዝ ቀለም ያለው ከረጢት ራሱ ስታቲክ እንዳይፈጥር የተሠራ ቢሆንም ከውጭ የሚመጣን ብልጭታ አያግድም። ሰሌዳውን በከረጢቱ ላይ ማስቀመጥም ጥበቃ አይሰጥም፤ ጥበቃው ያለው በውስጡ ነው።

4. የማሸግ ቅደም ተከተል

ሀ) ዕቃው ሙሉ በሙሉ ይጥፋ። ላፕቶፕን ክዳኑን በመዝጋት ብቻ ማሸግ አይገባም፤ በጉዞ ላይ ሊበራና በፎም ውስጥ ከመጠን በላይ ሊሞቅ ይችላል።

ለ) አስፈላጊ መረጃ በሌላ ስፍራ ይቀመጥ። ሲም ካርድ፣ ሜሞሪ ካርድና ፍላሽ ዲስክ ይውጡ።

ሐ) የዕቃው መለያ ቁጥር ይመዝገብ። ለሞባይል ስልክ *#06# በመደወል የሚገኘው ቁጥር ይጻፍ። ዕቃው እየሠራ ሳለና በየደረጃው እየታሸገ ሳለ ፎቶግራፍ ይነሣ።

መ) ተነቃይ ክፍሎች፣ ገመዶችና ቻርጀሮች ለየብቻ ተጠቅልለው ዕቃውን በማይነኩበት ቦታ ይቀመጡ።

ሠ) ዕቃው በስድስቱም ገጾቹ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ፎም እንዲኖረው ተደርጎ በካርቶኑ መካከል ይቀመጥ። አብዛኛው ካርቶን ሲወድቅ በቅድሚያ የሚያርፈው በማዕዘኑ ወይም በጠርዙ ስለሆነ ማዕዘኖቹ ልዩ ትኩረት ይሻሉ።

ረ) ክፍት ቦታዎች ይሞሉ። ካርቶኑ ከመዘጋቱ በፊት በቀስታ ይወዝወዝ፤ ውስጡ ድምፅ ካሰማ ወይም ዕቃው ከተንቀሳቀሰ ማሸጉ አላለቀም ማለት ነው።

ሰ) ካርቶኑ በመካከለኛው መጋጠሚያና በሁለቱም ጠርዞች ላይ በሰፊ ስኮች ይታሸግ። የላኪና የተቀባይ ስም፣ ስልክና አድራሻ ከካርቶኑ ውጭም በውስጥም ይደረግ፤ የውጪው ቢላቀቅ የውስጡ ባለቤቱን ያሳውቃል።

ሸ) «ተሰባሪ» እና «ወደ ላይ» የሚሉ ጽሑፎች በአማርኛና እንደ መዳረሻው በአካባቢው ቋንቋ፣ ከብርጭቆና ከቀስት ምልክት ጋር በአራቱም ጎኖች ይጻፉ። ይህ ጥንቃቄን ለማሳሰብ ይረዳል እንጂ የፎምን ስፍራ አይተካም።

5. ለተለያዩ ዕቃዎች የሚደረጉ ጥንቃቄዎች

ጠፍጣፋ ቴሌቪዥንና ሞኒተር፦ ቆመው እንዲጓዙ ይደረግ፤ በጀርባቸው ወይም በመስተዋታቸው አይተኙ። ክብደታቸውን የሚሸከመው ፎም በማዕዘኖችና በጠርዞች ላይ ይሁን። በመስተዋቱ መካከል ጠንካራ ፎም ማስደገፍ ምትን ወደ መስተዋቱ ያሳልፋል።

ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር፦ ከባድ ግራፊክስ ካርድና ትልቅ የማቀዝቀዣ ብረት በጉዞ ንዝረት ማዘርቦርዱን ሊሰብሩ ስለሚችሉ ወጥተው ለየብቻ ቢታሸጉ ይመረጣል።

ፕሪንተርና ፎቶ ኮፒ ማሽን፦ ቀለሙ ይውጣ፤ ተንቀሳቃሽ ክፍሎች በአምራቹ ማሠሪያ ይታሰሩ። ቀለም ሳይወጣ የተላከ ማሽን ባይሰበር እንኳ በፈሰሰ ቀለም ሊበላሽ ይችላል።

ሃርድ ዲስክ፦ የሚሽከረከር ዲስክ ያለው ዓይነት ለምት እጅግ ስሱ ነው። በስታቲክ መከላከያ ከረጢት፣ ቀጥሎም በለስላሳ ፎም ይታሸግ።

6. የመንገዱና የአየሩ ጠባይ

ከፒያሳ የተነሣ ካርቶን ከመኪና በፊት ሌላ ጉዞ አለው። ከሱቅ በጫኝ ትከሻ ይወጣል፤ በታክሲ ወይም በአነስተኛ የጭነት መኪና እስከ አውቶቡስ ተራ ይሄዳል፤ በዚያ እንደገና ተወርውሮ ወይም ተቀብሎ በአውቶቡስ ፖርቶ መጋላ ላይ ይጫናል። በእያንዳንዱ ቅብብል የመውደቅ ዕድል አለ። በተቻለ መጠን የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በፖርቶ መጋላ ላይ ሳይሆን በተሽከርካሪው ውስጥ እንዲጫን መጠየቅ ይመከራል።

በክረምት ወራት ዋናው ጠላት ዝናብ ነው። ነጭ ፎም ውኃ እምብዛም አይመጥም፤ ካርቶን ግን ሲርስ ጥንካሬውን አጥቶ ይፈርሳል፤ ፎሙንም በቦታው መያዝ አይችልም። ስለዚህ ዕቃው በካርቶኑ ውስጥ ሳለ በውኃ መከላከያ ላስቲክ ይሸፈን፤ ካርቶኑም በሸራ ሥር ይጫን።

የከፍታ ልዩነትም ሊዘነጋ አይገባም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት በአየር የተሞላ ማሸጊያ ከባሕር ዳርቻ አገር ሲመጣ ይወጠራል፤ በአዲስ አበባ ተሞልቶ ወደ ቆላ ሲላክ ደግሞ ይሟሽሻል። ወደ ጅቡቲ ወይም ወደ አፋር ቆላ የሚላክ ዕቃ በአየር ትራስ ላይ ብቻ ሳይሆን በፎም ላይ ቢያርፍ ይሻላል።

እርጥበት ካለው የቆላ ሙቀት ወደ ቀዝቃዛ ደጋ፣ ወይም ከቀዝቃዛ ስፍራ ወደ ሞቃት ክፍል የገባ ዕቃ በውስጡ ጤዛ ሊቋጥር ይችላል። ትንሽ የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት በካርቶኑ ውስጥ ማስቀመጥ ይረዳል። ተቀባዩም ዕቃው የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ድረስ ሰዓታት ሳይጠብቅ ከኤሌክትሪክ ጋር ሊያገናኘው አይገባም።

7. ባትሪ ያለባቸው ዕቃዎች

ፎም ምትን ይቀንሳል እንጂ የሊቲየም ባትሪን እሳት አይከላከልም፤ ራሱም ተቀጣጣይ ነው። ያበጠ፣ የተበሳ ወይም ከመጠን በላይ የሚሞቅ ባትሪ በማናቸውም መንገድ ሊላክ አይገባም።

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 1 ቀን 2016 ጀምሮ ለብቻቸው የታሸጉ የሊቲየም አዮን ባትሪዎች በመንገደኞች አውሮፕላን እንደ ጭነት እንዳይጓዙ ከልክሏል። መንገደኞችም ተጨማሪ ባትሪና ፓወር ባንክ የሚይዙት በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው። የተለመደው ጣሪያ 100 ዋት ሰዓት ሲሆን ከ100 እስከ 160 ዋት ሰዓት የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ዋት ሰዓትን ለማወቅ ቮልቱን በአምፒር ሰዓት ማባዛት ነው፤ ለምሳሌ 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሆነ ባለ 3.7 ቮልት ፓወር ባንክ 74 ዋት ሰዓት ይሆናል።

8. ስለ ፖስታና ስለ ክፍያ

የኢትዮጵያ ፖስታ አገልግሎት በ1886 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተመሠረተ ሲሆን አገራችን የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። ዋናው ፖስታ ቤት ከፒያሳ ቁልቁል ወደ ለገሃር በሚወስደው ቸርችል ጎዳና ላይ ይገኛል። የሚፈቀደው ክብደትና ልክ እንደ አገልግሎቱና እንደ መዳረሻው ስለሚለያይ ዕቃውን ከማሸግ በፊት መጠየቅ ተገቢ ነው። ወደ ውጭ አገር የሚላክ ጥቅል ለፍተሻ ሊከፈት ስለሚችል ተከፍቶ እንደገና በአግባቡ ሊዘጋ በሚችል መልኩ ይዘጋጅ።

በአየር የሚልኩ በርካታ የፈጣን መልእክት ድርጅቶች የሚያስከፍሉት በሚዛን ክብደት ብቻ አይደለም። የካርቶኑን ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት በሳንቲ ሜትር አባዝተው ለ5,000 ያካፍላሉ፤ ውጤቱ ከሚዛኑ ከበለጠ ክፍያው በእርሱ ይሆናል። በዚህ መሠረት 50 በ40 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን ውስጡ 4 ኪሎ ግራም ቢሆንም እንደ 12 ኪሎ ግራም ሊታሰብ ይችላል። ስለዚህ ከሚያስፈልገው በላይ ሰፊ ካርቶን ማዘጋጀት ገንዘብ ያባክናል። ወጪ ለመቆጠብ ሲባል ግን ከዕቃው ዙሪያ ያለውን የፎም ውፍረት መቀነስ አይመከርም።

9. ኃላፊነትና ማስረጃ

በዕቃ ማጓጓዝ ረገድ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተለመደው መርህ፣ ጉዳቱ የደረሰው በማሸጊያው ጉድለት ምክንያት ከሆነ አጓጓዡ ከኃላፊነት ሊድን ይችላል የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 በጄኔቫ የተፈረመው ዕቃን በመንገድ ስለማጓጓዝ የሚደነግገው ስምምነትም ይህንኑ ይዟል። ይህም ማለት በአግባቡ ያላሸገ ላኪ ካሣ ለመጠየቅ ያለውን አቅም ራሱ ያዳክማል። ስለዚህ አስጫኙ ዕቃውን ሲያስረክብ የዕቃው ዓይነት፣ ብዛትና የተገመተ ዋጋ የተጻፈበት ደረሰኝ መቀበል አለበት።

የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በገዛ በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን ለመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ከፒያሳ ገዝቶ ወደ ክልል ለሚልክ ሰው ይህ ጊዜ አጭር ነው፤ የጉዞውና ዕቃው ሳይከፈት የሚቆይባቸው ቀናትም ከዚሁ ይቆጠራሉ። ከዚህም በላይ ሻጩ «ጉዳቱ የደረሰው በመንገድ ነው» ብሎ ሊከራከር ይችላል። ይህን ክርክር ለመፍታት የሚረዱት የሚከተሉት ናቸው።

ዕቃው ከሱቅ ሳይወጣ በገዢው ወይም በወኪሉ ፊት ተፈትሾ መሥራቱ ይረጋገጥ፤ የንግድ ደረሰኝም ይያዝ። ተቀባዩ ካርቶኑን አጓጓዡ ባለበት ተመልክቶ የተጎዳ፣ የረጠበ ወይም የተከፈተ ከሆነ በማስረከቢያው ሰነድ ላይ ይህንኑ አስጽፎ ይፈርም። ሲከፍትም ፎቶግራፍ ያንሣ፤ ዕቃው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ይፈተሽ። ጉዳት ከተገኘ ካርቶኑና ፎሙ ይቀመጡ። የተጨፈለቀ ፎም የምቱን ስፍራና አቅጣጫ ያሳያል፤ ፎሙ ደህና ሆኖ ዕቃው የማይሠራ ከሆነ ደግሞ ጉድለቱ ቀድሞ የነበረ ስለመሆኑ አመላካች ነው። ፎሙን የጣለ ሰው ይህን ማስረጃ አብሮ ጥሏል።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ በተካሄደው የኮሪደርና የመልሶ ማልማት ሥራ በርካታ ንግድ ቤቶች ስፍራ ቀይረዋል። በመሆኑም ዕቃ ለጥገና ወይም ለዋስትና ከመመለሱ በፊት የሱቁን ወቅታዊ አድራሻ በስልክ ማረጋገጥ፣ በደረሰኙም ላይ የሻጩ ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር በግልጽ መኖሩን ማየት ያስፈልጋል። ከሻጩ ጋር መስማማት ካልተቻለ ማስረጃውን ይዞ በወረዳ ወይም በክፍለ ከተማ ለሚገኝ የንግድ ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይቻላል።

10. ፎሙ ካገለገለ በኋላ

የዕቃው የዋስትና ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ የፋብሪካውን ካርቶንና ፎም ማስቀመጥ ይመከራል፤ ለዕቃው ልክ የተቀረጸ ስለሆነ ለመመለስ ከሌላ ማናቸውም ማሸጊያ ይሻላል። ከዚያ በኋላ ደህና ሆኖ የቆየ ፎም ዕቃ ለሚልኩ የጥገና ሱቆች ቢሰጥ እንደገና ያገለግላል።

ፎም ማቃጠል ፈጽሞ አይገባም፤ ጥቁርና ለጤና ጎጂ ጭስ ያወጣል። በመንገድና በቦይ የተጣለ ነጭ ፎም ደግሞ ተፈርፍሮ በውኃ ላይ ይንሳፈፋል፤ በክረምት የጎርፍ መውረጃዎችን ይዘጋል፤ በራስ መኮንን ድልድይ ሥር ወደሚያልፈው ወንዝም ይገባል። ስለዚህ ተሰብስቦ ለደረቅ ቆሻሻ ሰብሳቢዎች መሰጠት አለበት። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ በፕላስቲክ ከረጢት ላይ ክልከላ ስለጣለ አነስተኛ ዕቃዎችን ከሱቅ በፌስታል ሳይሆን በካርቶን ወይም በጨርቅ ቦርሳ መያዝ ይገባል። በጉዞ ላይ ከጥገና ውጭ የሆነ መሣሪያም ከተራ ቆሻሻ ጋር አይጣልም፤ አያያዙ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425/2010 የሚመራ ነው።

ማጠቃለያ

ተገልጋዮች ዕቃ ከመላካቸው በፊት ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሊኖራቸው ይገባል። ዕቃው በስድስቱም ገጾች ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ደህና ፎም አለውን? ሲወዘወዝ ጸጥ ይላልን? እርቃኑን ያለ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ በስታቲክ መከላከያ ከረጢት ውስጥ ነውን? ባትሪው ደህና ነውን? የንግድና የማስጫኛ ደረሰኝ፣ የመለያ ቁጥርና ፎቶግራፍ ተይዟልን? ተቀባዩ ወዲያው እንዲፈትሽና ፎሙን እንዳይጥል ተነግሮታልን? ለስድስቱም ጥያቄ መልሱ «አዎን» ከሆነ ዕቃው በሰላም የመድረስ ዕድሉ ከፍተኛ ነው፤ ጉዳት ቢደርስ እንኳ ባለንብረቱ ባዶ እጁን አይከራከርም።